ታኮ

አባቷ የጣውላውን የፊት ጫፍ ከፍ ሲያደርጉት፣ በላዩ የቆመችው ትንሿ መኪና አልተነቃነቀችም። ልጅቷ ከዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጣ የሠራቻት የእሳቸውን የድሮ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዋን አስመስላ ነበር፤ ግን መልኳን ለውጣዋለች። የጋቢናዋን ጣሪያ ቆርጣ ዝቅ አድርጋለች፣ የኋላ ጎማዎቿን አስፍታለች፣ ሞተሯንም ያለ ኮፈን ትታዋለች።

«መኪናዬን እንዲህ መጫወቻ አደረግሻት?» አሉ።

«አሳመርኳት እንጂ፣ አባዬ።»

«ፍኖተ ሰላም ሄጄ ቴክኒክና ሙያ እገባለሁ የምትይው በዚች ተማምነሽ ነው?» ጣውላውን ይበልጥ አነሡት። «ከዓባይ ወደ ቡሬ ያለውን ዳገት ትችለዋለች?»

ዓይኗ ከሸበጥ ቆርጣ በሠራችው ፍሬን ላይ ነበር። መኪናዋ ወድቃ ከተሰበረች ነገ ከቤት እንደማይለቋት ታውቃለች። ጣውላው አሁንም ከፍ አለ። ፍሬኑ ሲጥ አለና መኪናዋ የጣት ስፋት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ከዚያ እንደገና ያዘች። እጇን ልትሰድ ቃጥቷት መልሳ ሰበሰበችው።

አባቷ በሹፌርነት ዘመናቸው ሁሉ ታኮ አድርገው አያውቁም። ዳገት ላይ ሲቆሙ በመስኮት «ታኮ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ወርዶ ድንጋዩን ከጎማው ሥር የሚያደርገው ረዳታቸው ነው። አሁን ግን ጣውላውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ በሌላው አጠገባቸው ከተቀመጠው ሰፌድ ላይ አንዲት ሽንብራ አነሡ። ጎንበስ ብለው ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሸቋት።

«ታኮ ገብቷል፣ ሹፌር» አሉ።