ሂና ያልነካው አውራ ጣት

ወንድ ተብላ ብትወለድም ሴት ሆና የኖረችው፣ እንደ እሷ ካሉት ጋር በየሠርጉ እየጨፈረች የምትተዳደረው ናዝሊ፣ በምርጫው ዋዜማ ጣቶቿን ሁሉ ሂና ስትቀባ የግራ አውራ ጣቷን ተወችው። እሱን ድምፅ ስትሰጥ ለሚቀባው የመራጮች ቀለም ነበር ያስቀመጠችው።

ሙልታን ከተማ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ፣ የሴቶቹን ሰልፍ የምታስይዘው ሴት ገና ስታያት፣ "ወደ ወንዶቹ!" አለቻት። ወንዶቹ ጋ ስትደርስ ሰልፈኛው እያጨበጨበ ሳቀባት።

"እዚህ ሠርግ የለም፤ ወደ ሴቶቹ ሂጂ!" አለ ፖሊሱ።

"ጌታዬ፣ ከዚያ ነው የመለሱኝ። መታወቂያዬ ይኸው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ? ያለው ሁለት ሰልፍ ነው።"

እንዲህ ስትመላለስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና በሩ ተዘጋ።

ሰልፍ አስያዧ ወጥታ፣ ባሏ ደጅ ይዞላት ከቆየው አራስ ልጇ ጋር በቀጥታ ወደ ናዝሊ መጣች። አሁን ድምፅዋ ለስልሷል።

"እትዬ፣ እንደ አንቺ ያሉት አራስ ልጅ ሲመርቁ ቃላቸው መሬት ጠብ አይልም ይባላል። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ እባክሽ መርቂልኝ።"

ናዝሊ ከልማድ እጇን ዘረጋች። ሕፃኑ ሂናም ቀለምም ያልነካውን አውራ ጣቷን ጨብጦ አልለቅም አለ።

"እደግ፣ ተመንደግ" አለችው፤ ጣቷን ሳታስለቅቀውም ጨመረች፦ "ከሰው የምትቆጠር ያድርግህ።"

"አሜን" አለች እናትየው።