መሬት የሚመታው ሰው

ዋሻው ውስጥ ይሞቃል። አሚያ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ከዐለቱ ስንጥቅ የሚወጣው የድኝ ሽታ አፍንጫዋን ማስቸገር ከተወ ቆይቷል። እህል አልቀመሰችም። እዚህ የሚገባ በሽተኛ አይበላም፣ አያወራም፤ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳደፈጠ አውሬ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ የቀረው ከምድር በታች ያለው ጌታ ሥራ ነው። ከካህናቱ በቀር ጤነኛ ሰው ደፍሮ ከገባ ግን ትንፋሹ ተቆርጦ ይቀራል። ለዚህ ነው ባሏ ዞይሎስ ውጭ የቀረው።

አጠገቧ ካህኑ ያትሮክልስ ያንኮራፋል። ሥራው ማለም ነው። ስለ በሽተኛው እሱ ይተኛል፤ ጌታው የሚያዘውን መድኃኒት በሕልሙ ሰምቶ ሲነቃ ይናገራል። አሚያ ግን ብትታመምም መድኃኒት ፈልጋ አልመጣችም። ልጇ ፓፒያስ የወይን ለቀማው ሲያልቅ ትኩሳት ከወሰደው ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ወዳለበት ወደ ታች መውረድ፤ ለዚያ ደግሞ ከዚህ የቀረበ በር የለም።

ዐይኗን ትጨፍናለች።

እንደሚወራው ደረጃ የለም፣ የሙታን ወንዝም የለም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደሚያልፍ ሰው ትገባለች። ሰፊ ቤት ነው፤ ብርሃኑ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ብርሃን ነው። በየጥጉ ሰው ተኝቷል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። ከቤቱ ጫፍ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። መሥዋዕት የሚያቀርብለት ሁሉ ፈርቶ ፊቱን ያዞርበታል፤ እሱም ለምዶት፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቀመጠው።

«ግቢ፤» ይላታል። የደከመው አባወራ ድምፅ ነው። «ያልተጠራሽ እንግዳ ነሽ። ግን ቤቴ ለእንግዳ ጠቦ አያውቅም።»

«ልጄ እዚህ ነው፣ ጌታዬ።»

«አዎ፣ እዚህ ነው። ተኝቷል።»

«አጠገቡ ልተኛ።»

«ሰው ሁሉ አስወጣኝ እያለ ነው የሚለምነኝ። አስገባኝ ያለኝ እንኳ...» የሳቀ ይመስላታል። «ቦታ ሞልቷል። ጋደም በይ።»

እንዲህ ደስ የሚል ድካም ደክሟት አያውቅም። ገና ጎኗን ስታሳርፍ ጣራው ድው ይላል። ደግሞ ድው! አቧራ ይረግፋል፤ የተኙት ይገላበጣሉ።

«አሁንስ አበዛው!» ይላል ጌታው። «ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። ማነው ይሄ ሰውዬ? ያንቺ ነው?»

«የኔ?»

«እስኪ ስሚው።»

ጆሮዋን ታቀናለች። መዳፍ ነው፤ መሬት የሚመታ መዳፍ። ከምቱ ጋር ድምፅ አብሮ ይወርዳል። ታውቀዋለች፤ ግን ከሰማችው ቆይታለች። ዞይሎስ ከቀብሩ ወዲህ ወይኑን ይገርዛል፣ በቅሎውን ያጠጣል፣ ዞሮ ይተኛል። አንድም ቀን የልጁን ስም አላነሣም። ድንጋይ ነው ብላ ትታዋለች።

«ሃዴስ!» ይላል ድምፁ። የጌታውን ስም አፉን ሞልቶ የሚጠራ የለም፤ ሰው ሁሉ «ባለጸጋው» ብሎ ነው የሚያልፈው። «ሃዴስ! ትሰማኛለህ አይደል? ፓፒያስን ወሰድክ፣ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ እሷን ልታስቀርብኝ ነው? አንተስ ሚስት የለህም? መንፈቁን እናቷ ዘንድ ስትሄድብህ ቤቱ ምን እንደሚመስል ታውቀው የለም እንዴ! ያንተዋ እንኳ ትመለሳለች!»

የጌታው ትከሻ ዝቅ ይላል። ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር በጣቱ ዳሰስ ያደርጋል።

«ሂጂ፤» ይላታል በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ሂጂና ዝም አሰኚው። ያንቺ ቦታ የትም አይሄድም።»

አሚያ ዐይኗን ትገልጣለች። ካህኑ አሁንም ያንኮራፋል። ዐለቱን ተደግፋ ትነሣለች፤ ትወድቃለች፤ ከዚያ እየዳኸች ወደ ብርሃኑ ትወጣለች።

ውጭው ቀትር ነው። ዞይሎስ ደጃፉ ላይ ተንበርክኳል። የቤተ መቅደሱ አሮጊት አገልጋይ ብብቱን ይዛ ትጎትተዋለች።

«ኧረ ተው አንተ ሰው! ስሙን እየጠራህ ሁላችንንም ልታስጨርሰን ነው?»

«ልቀቂኝ፣ እማማ!»

«ዞይሎስ፤» ትላለች አሚያ።

አሮጊቷ ክንዱን ትለቃለች። ዞይሎስ ቀና ብሎ ሚስቱን ያያል። ጢሙ በእንባና በአፈር ተለውሷል። እጁን ግን ከመሬት አያነሣም።

«ቆይ፤» ይላታል፤ «ገና አልጨረስኩም።»

አጠገቡ አፈሩ ላይ ትቀመጣለች። እሱ እንደገና ያጎነብሳል። አሁን አይጮኽም፤ ልጁን ለጎረቤት ትቶ መንገድ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ደግሞ፣ ሲተኛ እግሩን ከሸፈኑበት እንቅልፍ አይወስደውም። ይበርደዋል ብለህ እንዳትሸፍንበት።»

አሚያ ባሏን አተኩራ ታየዋለች። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበር የመሰላት።

«የግራውን ነው፤» ትለዋለች።

«ሁለቱንም አይደል?»

«የግራውን ብቻ። ቀኙ ከተገለጠ ይበርደዋል።»

ዞይሎስ ከንፈሩን ወደ አፈሩ ያስጠጋል።

«የግራውን ብቻ፤» ይላል።