ወደ ግራ የዞረው ቋጠሮ

ሐኪሟ ግራኝ ናት። ስፌት ስትቋጭ ክሩን ወደ ግራ ስለምታዞር ነርሱ «ዶክተር፣ ያንቺን ቋጠሮ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ» እያለ ይቀልድባታል።

ዛሬ አልጋው ላይ የተኙት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ቅንድባቸው ጫፍ ላይ አብራቸው የተወለደች፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል እብጠት አለቻቸው።

«እናቴ፣ አይስጉ። እምብዛም አታጋጥምም እንጂ ነገረኛ አይደለችም። ከረጢት ናት፤ ውስጧ ቅባትና ጥቂት ፀጉር ነው።»

«እኔ እኮ ልጄ፣ ምላጭ ነክቶኝ አያውቅም።»

እውነታቸውን ነው፤ ቆዳቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። ሐኪሟ ቦታውን አደንዝዛ ቀደደችው፤ ከረጢቷን ሳታፈርጣት አወጣቻትና እንደ ልማዷ ሳህን ላይ ለሁለት ከፈለቻት።

ቅባት የለም። ፀጉርም የለም። የከረጢቷ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ሦስት ቦታ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ሦስቱም ቋጠሮዎች ወደ ግራ ዞረዋል።

ነርሱ ጎንበስ ብሎ አየ። አልቀለደም።

«አለቀ እንዴ ልጄ?» አሉ መምህርቷ ፊታቸውን ከሸፈነው ጨርቅ ስር።

«ትንሽ ቀርቶናል» አለች ሐኪሟ፤ መቀስ ከነርሱ እጅ ተቀብላ ወደ ሳህኑ ተመለሰች።

ቋጠሮዎቹ አራት ሆነዋል። የአራተኛው ክር ጫፍ ገና ወደ ግራ እየዞረ ነበር።