ካርዱ የማይደርስበት ቦታ

መስመሩ አሁንም ቀጥ ያለ ነው። የጆሮ ክፍሉ ሲስተር ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ላይ ቀድዳ ታሳየኛለች፤ የአራት ወር ሕፃን ጆሮ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰምቷል የሚያሰኝ አንድ ጉብታ የሌለው። ሕፃኗ ግንባሯ ላይና ከጆሮዋ ኋላ ሽቦ ተለጥፎባት እናቷ ደረት ላይ ተኝታለች።

«በር ሲዘጋ ትደነግጣለች እኮ» ትላለች እናቲቱ። «ለዶክተሩም ነግሬያቸዋለሁ። አትሰማም ብለው ከመፈረማቸው በፊት አንዴ ድገሙልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሲስተር ወደ ጥግ ሳብ አድርጋኝ ሹክ ትለኛለች። «ሁሉም እናት እንደዚያ ነው የሚለው። የበሩ ንዝረት ነው የሚያስደነግጣቸው። ቢሆንም ልቤ አላረፈልኝም፤ ለዚህ ነው የጠራሁሽ።»

የጠራችኝ የመለኪያውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የማውቀው እኔ ብቻ ስለቀረሁ ነው። የጻፈው ወንድም ጋሼ ነበር። ከቀበርነው ሦስት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ አልቅሶ ሲወጣለት እኔ ደርቄ ቀረሁ፤ «አይዞሽ፣ አንድ ቀን ይወጣልሻል» ይሉኛል። ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት እዚህ መጥቼ ፕሮግራሙን አሻሻልኩት። ቢያንስ እጄ ሥራ ይያዝ ብዬ ነበር።

ኮምፒውተሩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። የማይጣለው ሆዱ ውስጥ ስላለው፣ ከሽቦው የሚመጣውን ስለሚቀበለው የመለኪያ ካርድ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር አይቀበለውም። ኮዱን እከፍትና ካርዱ የላከው የሚጠራቀምበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ያገኘሁት የራሴን እጅ ሥራ ነው። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተራ ትእዛዝ ሚሞሪ የምትጠይቅ፣ አጭር፣ ያማረች አንዲት መስመር።

የወንድም ጋሼ ፍሎፒ መሳቢያው ውስጥ አለ። የእሱን ስከፍት ያው ሥራ አሥራ አንድ መስመር ወስዷል። ከአናቱ ላይ ማስታወሻ አለ፦ «ይህን እንዳትነኪ። ካርዱ ቁመተ አጭር ነው፤ ላይኛው መደርደሪያ አይደርስም።» ከእኔ በቀር የሚያነበው እንደሌለ ያውቅ ነበር። ያን ጊዜም አይቼዋለሁ። መቼም ነገር ማጥበቅ ይወዳል ብዬ አሥራ አንዱንም ሰረዝኩ። ሰው ላይ ሳልሞክር፣ ፕሮግራሙ ሳይሰናከል መነሳቱን ብቻ አይቼ ሄድኩ።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ፕሮቴክትድ ሞድ በሚሉት አሠራር ነው፤ ከላይ ያለው ሰፊው ሚሞሪ ሁሉ የእሱ ነው። ካርዱ ግን የሚደርሰው የታችኛው አንድ ሜጋባይት ላይ ብቻ ነው። ወንድም ጋሼ እዚያ ታች ጥቂት ቦታ አስይዞለት ነበር። ካርዱ የሰማውን እዚያ ያስቀምጣል፣ ፕሮግራሙ ወርዶ ይቀዳዋል። የእኔ መቀበያ ግን ያለው ላይ ነው። ካርዱ ማንም በማያነበው ቦታ ሲጥል፣ ፕሮግራሙ ባዶ ሣጥን ያነባል። ባዶ ሲታተም ቀጥ ያለ መስመር ነው።

«ጠዋት ጠዋት መሣሪያውን ማን ነው የሚሞክረው?» እላለሁ።

«ወንድምሽ ነበር እንጂ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ሽቦውን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ቁጭ ነው። ‹ከእኔ ጆሮ ሳይጀምሩ የማንንም እንዳይነኩ› ይለን ነበር።» ሌላውን መሳቢያ ትስበዋለች። እስከ አፉ ወረቀት ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቀን ተጽፎበታል፣ እያንዳንዱ ላይ አምስት ጉብታ። «ከእሱ በኋላ ማንም አልሞከረው።»

«ከእሱ በኋላ ስንት ሕፃን ለካችሁ?»

«ከዚህችኛዋ ጋር አራት።» ከዚያ ፊቷ ይለወጣል። «አራቱም አይሰሙም።»

አሥራ አንዱን መስመር ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ። ሽቦውን መጀመሪያ ግንባሬ ላይ እለጥፋለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ፕሪንተሩ አምስት ጉብታ ያወጣል፣ ከመሳቢያው ወረቀቶች ጋር ሊምታታ ምንም አይቀረውም።

ከዚያ ሕፃኗን እንለካለን። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጠናል። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ቆይቶ መስመሩ ቀና ይላል፤ ትንሽ ናት፣ የዘገየችም ናት፣ ግን ጉብታ ናት። ሁለተኛዋ ትከተላለች። ሲስተር ወንበር ፈልጋ ትቀመጣለች።

«ምን ማለት ነው?» ትላለች እናቲቱ።

«ትሰማለች።»

«ትሰማለች!» ትላለች ሲስተርም ጮክ ብላ።

እናቲቱ መዳፏን የልጇ ጆሮ ላይ ትከድናለች። «እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ» ትለናለች እንባዋ እየወረደ። «ትነቃብኛለች።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንደ ደረቀ ጨርቅ ቆሜያለሁ። የማስበው ስለ ሦስቱ ነው። ሲስተር ሳልጠይቃት መዝገቡን አምጥታ የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር ላይ ጣቷን ታሳርፋለች።

«እኔ ልደውልላቸው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔ እደውላለሁ።»

የመጀመሪያው ስልክ አምስቴ ይጠራል።

«ሄሎ?» ይላል የሴት ድምፅ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ከኋላዋ በር ድው ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ሕፃን ለቅሶውን ያቀልጠዋል።

«መጣሁ የኔ ጌታ፣ መጣሁ» ትላለች ከስልኩ ራቅ ብላ። ተመልሳ፣ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ይደበዝዝብኛል። ወረቀቱ ላይ ጠብ ይላል፣ አንድ፣ ሁለት።

«ሄሎ? ማን ልበል?»