የፈለቀች ክርን

መኪኖች ራሳቸውን መጠገን ከጀመሩ ወዲህ የአዳማ ባለፒካፖች እሑድ እሑድ ጋራዥ የሚሰበሰቡት ለልማድ ያህል ነው። ድሮ ስለተቀደደ ወንበርና ስለሚንኳኳ ዳሽቦርድ ሲያማርሩ ይውሉ ነበር። ዛሬ የሚያማርሩት ጋሽ ደምሰው ብቻ ናቸው።

"ይሄ የበር መደገፊያ እንዳይድን አድርግልኝ" አሉት መካኒኩን ነጋሳን።

ሟች ባለቤታቸው ፈለቀች ዕድሜ ልኳን ክርኗን እያስደገፈች የላጠችው ቦታ፣ ከቀን ወደ ቀን እየሞላ የሳንቲም ያህል ቀርቷል።

"ማጥፊያ የለውም ጋሼ። ክርን ካላረፈበት ይድናል።"

ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ሰጡትና ዞረው በእሷ በኩል ገቡ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ክርናቸውን አሳረፉ።

"በል ንዳ" አሉት፤ "ቀስ ብለህ። ፍጥነት አትወድም።"