ችቦ ያዧ

መማሪያ ክፍል ቀርቶ ልጆች ሁሉ በኮምፒውተር ጨዋታ መንደር ውስጥ መማር ከጀመሩ አራት ዓመታቸው ነው። ልጁ በጨዋታው የሚይዘውን ሚና የሚወስነው ወላጅ የሞላው ቅጽ ነው።

ዘቢደር ከሥራ ለምሳ ስትመለስ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ሳሎን ደርሷል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ኤልዳና የእጅ ባትሪ ከፍ አድርጋ ይዛ በሩን በሩን ታያለች።

«ማዞሪያው አጠገብሽ አይደለም እንዴ? አትዘጊውም ነበር?»

«የመንደሩ ወራሽ አልመጣማ።»

ዘቢደር ዘልላ ዘጋችው። የፈራችው ደረሰ፤ ጨዋታው ልጇን አዳኝ ጠባቂ አድርጓታል።

«መንደሩን የምታውቁት እናንተ! ትናንት በመርከብ የመጣ ፈረንጅ ምን ቤት ነው የሚያድናችሁ?»

«አባቱ ንጉሥ ነበራ፣ እማዬ። እኛ ችቦ እንይዝለታለን።»

«አያትሽ ሃያ ዓመት የእድር ዳኛ ነበሩ እኮ! ያውም ሰው መርጧቸው እንጂ ወርሰው አይደለም!»

«ታዲያ ቅጹ ‹ከቤተሰቡ መሪ የነበረ አለ?› ሲልሽ ለምን ‹የለም› አልሽ?»

ዘቢደር ቅጹን ስትሞላ መሪ በጨዋታም ቢሆን ቀድሞ ይሞታል ብላ ፈርታ ነበር። ተንበርክካ ውሃውን በጨርቅ መጥረግ ያዘች።

«ነይ፣ አግዢኝ በይ።»

ኤልዳና በጠራራ ፀሐይ ባትሪዋን አስጠግታ አበራችላት።