ባሬ የሚሉት ካውያ

«አይዞሽ፣ አንቺን አይደለም፤ ካውያውን ነው።»

ልብስ ተኳሿ የሥራ ባልደረቦቿ ያሏት ይህቺ ቃል አልዋጥ ብላት አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ላውንደሪው ውስጥ ሥራ በጀመረችበት ቀን አንዱ ከጓዳ «ባሬን አምጡት» ብሎ ሲጣራ፣ ቤቱ በሙሉ ዞሮ እሷን አየ። ከዚያ ካውያውን አየ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። ባሬ የሚሉት ያንን ከባዱን፣ ጥቁሩን፣ የወፍራም ኮት ካውያ ነው። ከሠራተኛው ሁሉ ጠቆር የምትለው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ምን ማለት ነው ብላ በጠየቀች ቁጥር «ከባሬላ የመጣ ነው፤ ድሮ በባሬላ ተጭኖ ስለመጣ» ይሏታል። ካውያ በባሬላ ሲጫን የት አይታ ታውቃለች?

እና አሁን ሰዓሊው በሩ ላይ መሰላል አቁሞ፣ አዲሱ ታፔላ ላይ፣ «ላውንደሪ» ከሚለው በፊት፣ በሰማያዊ ቀለም «ባሬ» ብሎ እየጻፈ ነው። ተኳሿ ፊደል ቆጥራ እዚያው የቆመች ሰው ናት፤ ቢሆንም «ባ»ን አታጣትም። «ሬ» ስትጨመርባት ካውያዋን አስቀምጣ ወደ በሩ ትወጣለች። ይህ ታፔላ ካለቀ በየማለዳው ከሥሩ አጎንብሳ ልትገባ ነው።

«ውረድ» ትለዋለች ሰዓሊውን።

«ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ፣ እትዬ።»

«ባለቤቱን እኔ አወራዋለሁ። አንተ ውረድ።»

የላውንደሪው ባለቤት እጁን በሱሪው እየጠረገ ይወጣል። በዕድሜ ስለምትበልጠው አንቱ ብላው አታውቅም።

«እትዬ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ? ሰፈሩ የሚያውቀን እኮ በባሬ ነው።»

«ባሬ ምንድነው?»

«አሁንም? ባሬላ ነው አልኩሽ።»

«እኔ እንኳ» ትላለች አጣቢዋ፣ አረፋ ባረፋ እንደሆነች ከበሩ ብቅ ብላ፣ «ባሬ የሚባል ሰውዬ ነበረ ብዬ ነው የማውቀው። ካውያውን የሸጠልን።»

«እኔ ደግሞ አገር መስሎኝ» ይላል ሰዓሊው ከመሰላሉ ላይ። «ባሬ የተሠራ ካውያ።»

መንገደኛ መቆም ይጀምራል። አንዱ የብረት ዓይነት ነው ይላል፣ ሌላው የለም የፋብሪካው ስም ነው ብሎ ይሟገታል። ተኳሿ ግን ዓይኗ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ታፔላቸውን በኩራት የሚያዩት ሽማግሌ ላይ ያርፋል። የባለቤቱ አባት ናቸው፤ ላውንደሪውን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ታፔላውን ሊያዩ መጥተዋል። እሷ ከመቀጠሯ በፊት ሥራውን ለልጃቸው ትተው ከሰፈር ስለወጡ፣ ከሰላምታ በቀር አውርታቸው አታውቅም። እንዴት እስከ ዛሬዋ ቀን ሳትጠይቃቸው ቀረች?

«አባባ፣ ካውያውን ባሬ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኛ» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ያኔ ሦስት ካውያ ነበረን። ሁለቱ ቀለል ያሉ ናቸው፤ ባለጌጥ እጀታ። ያኛው ግን ጥቁር፣ ጉልበታም፣ ቀኑን ሙሉ ብትገፋው ደከመኝ የማይል። ባርያው እንለው ነበር። ባርያውን አምጡት፣ ባርያውን አሙቁት። ኋላ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ደንበኛ ይሰማል፣ ነውር ነው ስትለኝ ጫፏን ቆርጬ ባሬ...»

ዓይናቸው ተኳሿ ፊት ላይ ሲያርፍ ሳቃቸው መሃል ላይ ይቆማል።

«ልጄ» ይላሉ።

አጣቢዋ አረፋ የያዘ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ባለቤቱ ጫማውን ያያል።

ተኳሿን ግን እልል በይ፣ እልል በይ ይላታል። ነገረኛ ሲሏት፣ ነገር ቆፋሪ ሲሏት፣ እሷም አንዳንዴ ራሷን ስትጠራጠር የኖረችበት ጆሮዋ አልዋሻትም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ልክ ነበረች።

«እትዬ፣ አባዬ በክፋት አይደለም» ይላል ባለቤቱ በቀስታ። «አሁን ደግሞ እንደዚያ ብሎ የሚያስበው ማንም የለም።»

«እኔ አለሁ።»

ሰዓሊውን በእጅጌው ስባ ታወርደዋለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ስትይዝ አጣቢዋ «አንቺ፣ ትሰበሪያለሽ» ትላታለች።

«ያንን ጉድ ስሸከም የኖርኩ ሴት መሰላል ያቅተኛል?»

ትወጣለች። ሦስተኛው እርከን ላይ መሰላሉ ወዝወዝ ይልና ቀጥ ይላል። ወደታች ስታይ፣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይዘውታል። ቀና ብለው አላዩዋትም።

ከትከሻዋ ላይ እርጥቡን የመተኮሻ ጨርቅ ታወርድና «ባ»ን ትፈገፍጋታለች። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ባ በጨርቁ ላይ ሰማያዊ ጭቃ ሆና ትቀራለች። ሬ ብቻዋን ቆማለች።

«ኧረ ባዶ ልትተዪው ነው?» ይላል ሰዓሊው፤ ብሩሹን ግን ያቀብላታል።

ተኳሿ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣቷ ትቆጥራለች። ዘ፣ ዙ፣ ዚ። አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ፈገግ ትላለች። ምላሷን ወጣ አድርጋ፣ ወገቧ የተጣመመ፣ ራሷ የሰፋ አንዲት ፊደል መሳል ትጀምራለች።

አንዲት ሴት የልብስ ጥቅል ታቅፋ ከሰዉ መሃል ትጠጋለች። አንጋጣ ፊደል ከፊደል ታያይዛለች።

«ዛ... ሬ። ዛሬ ላውንደሪ?» ትላለች። «እናንተ ቤት እኮ ነገ ነይ ነው የሚባለው። እውነት ዛሬ ይደርስልኛል?»

ባለቤቱ ከልማዱ የተነሳ «ነ...» ብሎ አፉን ይከፍታል።

«ታፔላውን አንብቢ፣ እህቴ» ትላታለች ተኳሿ ከላይ፣ እና የ«ዛ»ን ረጅም እግር እስከ ጣውላው ጠርዝ ድረስ ታወርደዋለች።